የአሮጌ መኪና የማሞቂያ ሞተር መንፋት ሲያቆም

በክረምት ዝናብ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈን የማሞቂያው ነፋስ ካልመጣ ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ነውና፣ አዲስ ሞተር ከመግዛት በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ በሥርዓት መለየት ይገባል።

በመጀመሪያ ቁልፉን ከፍተው ፍጥነቶቹን ከዝቅተኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ይሞክሩ። በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚነፋ ከሆነ፣ በብዙ አሮጌ መኪኖች ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች የሚገኙት ኤሌክትሪኩ ፍሰቱን በሚቀንሰው ሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ ስለሆነና የመጨረሻው ሬዚስተሩን ስለሚዘለው፣ የተቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስተሩ ነው። እዚህ ላይ ተሳስቶ ጤነኛ ሞተር መቀየር በእውነት የሚያሳዝን ወጪ ነው።

በየትኛውም ፍጥነት ካልነፋ ፊውዙንና ሬሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) ይመልከቱ። የተቃጠለ ፊውዝ በራሱ አምፔር ልክ ብቻ ይተካ፤ በምትኩ የመዳብ ሽቦ ማስገባት ከክሩስኮቱ ሥር እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

እነዚህ ደኅና ከሆኑ ቁልፉን ዘግተው፣ በብዙ መኪኖች ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ካለው የዕቃ ሣጥን ጀርባ የሚገኘውን የሞተሩን ሶኬት ይንቀሉና፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳያቀያይሩ፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ ይስጡት። ከዞረ ችግሩ በመስመሩ፣ በፍጥነት መምረጫው ወይም በግራውንዱ (ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኘው የኔጋቲቭ ሽቦ) ነው። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ግን በሞተሩ ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ካርቦን ሳያልቅ አይቀርም።

ተጣብቆ በከባዱ የሚዞር ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ሶኬትና ሬዚስተር ያቃጥላል፤ ስለዚህ የጠቆረ ሶኬት ካዩ አዲስ ሬዚስተር ከማስገባትዎ በፊት ማራገቢያውን በእጅዎ አዙረው መቅለሉን ያረጋግጡ።