ቪፒኤን ሳይጠፋ የባንክ መተግበሪያን መጠቀም

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቪፒኤን (የስልኩን የኢንተርኔት ግንኙነት መስጥሮ በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ከፍተው የሚውሉ ሰዎች፣ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ በስልክ ሊከፍሉ ሲሉ ያጠፉትና መልሶ ማብራቱን ይረሱታል። ቪፒኤን ሲበራ ስልኩ ብዙ ጊዜ በሌላ አገር አድራሻ ስለሚታይ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ግንኙነቱን ሊከለክሉት ይችላሉ፤ ነገር ግን ማጥፋቱ የግድ አይደለም።

አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ የትኛው መተግበሪያ በቪፒኤኑ እንዲያልፍ፣ የትኛው በቀጥታ እንዲወጣ ለመለየት ስለሚያስችል፣ ብዙ የቪፒኤን መተግበሪያዎች በቅንብሮቻቸው ውስጥ «ስፕሊት ተነሊንግ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ እዚያ ገብቶ የባንኩን መተግበሪያ ብቻ ከቪፒኤን ውጭ ማድረግ ይበቃል። ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን መተግበሪያ ደግሞ ምርጫው የሚገኘው ግንኙነቱ በሚስተካከልበት ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ቪፒኤኑን አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት አይከፋም።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ሌላ ነው። በስልኩ የቪፒኤን ቅንብር ውስጥ፣ ከቪፒኤን ውጭ የሚደረግን ግንኙነት ሁሉ የሚያግደው ማብሪያ በርቶ ከሆነ፣ ውጭ እንዲሆን የተመረጠው መተግበሪያ ኢንተርኔት ጨርሶ ያጣል፤ ሰውም ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ ያላክካል።

አሳሹን፣ ማለትም ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን፣ ከቪፒኤን ውጭ ማድረግ አይመከርም፤ በእሱ የሚከፈተው ገጽ ሁሉ አብሮ ስለሚወጣ፣ በተለይ በካፌ ዋይፋይ ላይ ቪፒኤኑ መኖሩ ትርጉም ያጣል። በአይፎን በመተግበሪያ ለይቶ መምረጥ በአብዛኛው የሚቻለው ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ስልኮች ላይ ነው።