ኦቲዝም እያለባችሁ፣ ብዙም ልምድ ሳይኖራችሁ ለመምህርነት ስታመለክቱ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነሐሴ ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶች በር ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ይለጠፋል። በኩር ጋዜጣ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም ይወጣል። ከፔዳ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የተመረቀው ሁሉ ፋይሉን ይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል። ከመካከላቸው ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትንና ድምፅን የመሰለ ነገር መቋቋምን የሚለይ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ያለባቸውም አሉ። አንዳንዶቹ ስሙን ራሱ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ እንዳየሁት፣ ጥሩ አስተማሪ የሚወጣቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ማስተማር አቅቷቸው አይደለም። ገና ጠመኔ ሳይይዙ ነው።

"ልምድ የለኝም" ብሎ ዝም ማለት

"የሥራ ልምድ አለህ?" የሚለውን ጥያቄ ቃል በቃል ከወሰዳችሁት መልሱ "የለኝም" ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የለማ! ጠያቂው ግን ማወቅ የፈለገው ልጆች ፊት ቆማችሁ ታውቁ እንደሆነ ነው። የፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደው የመምህርነት ዲፕሎማ) የተግባር ልምምድ ይቆጠራል። ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማርም ይቆጠራል። የጎረቤት ልጅ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ማስጠናትማ እንዴት አይቆጠርም? "ልጁ ክፍልፋይ ላይ ይቸገር ነበር፤ እንጀራ ቆርሼ አሳየሁት" የሚል አመልካች፣ ሲቪው ላይ "ትጉህና ታታሪ ነኝ" ብሎ ከጻፈው ይበልጥብኛል። ያስጠናችሁላቸው ቤተሰቦች ስልካቸውን ለምስክርነት እንድትሰጡ ቢፈቅዱ ደግሞ ጥሩ ነው።

ስሙን ተናግሮ የሚያስፈልገውን አለመናገር

ኦቲዝም እንዳለባችሁ መናገርም አለመናገርም የእናንተ ውሳኔ ነው። ማንም ሊገፋችሁ አይገባም። ከተናገራችሁ ግን ስሙን ብቻ ጥላችሁ አትለፉ። እኛ አገር ብዙ ሰው ቃሉን የሰማው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የጆይ ማዕከል ምክንያት ነው። ማዕከሉ የልጆች ነው። ስለዚህ "ኦቲዝም" ስትሉ ርዕሰ መምህሩ የሚታየው የማይናገር ትንሽ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፊቱ የተቀመጠው ባለዲግሪ ጎልማሳ ከዚያ ሥዕል ጋር አልገጥም ይለዋል።

ይልቅ በሥራ ቋንቋ ተናገሩ። "የቃል መመሪያ ሲደራረብብኝ ይጠፋኛል፤ በጽሑፍ ወይም በቴሌግራም ቢላክልኝ አንድም አይቀረኝም።" "ሚኒ ሚዲያው ሲጮህ ማሰብ ይከብደኛል፤ በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ብቀመጥ ደስ ይለኛል።" ይህን የሚከለክል ርዕሰ መምህር ብዙ የለም፤ ወጪ የለውማ።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚያወራው ስለ አካል ብቻ አይደለም፤ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትንም ይጠቅሳል። አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛም ቅድሚያ ይሰጣል። አዋጁን እወቁት፤ ቃለ መጠይቁን ግን በአዋጅ ቁጥር አትክፈቱ። ሰውዬው ወዲያው የሚያስበው ክስ ነው።

የሌላ አገር ምክር መሸምደድ

ዩቲዩብ ላይ "ዓይን ዓይናቸውን እዩ" ይላሉ። እኛ ዘንድ ታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው። በዚህ አትጨነቁ። የእኛ ፈተና ሰላምታው ነው። "እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?" ሲሏችሁ የቤተሰቡን ሁኔታ መዘርዘር አያስፈልግም፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ይበቃል። መጨበጥ ከከበዳችሁ እጅን ደረት ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። የሚቀየም አይኖርም።

ዴሞውን ሳይጠይቁ መግባት

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የማሳያ ትምህርቱ፣ ዴሞ የምንለው፣ ለእናንተ ከቃለ መጠይቁ ይሻላል። ርዕስ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሊዘጋጁበት ይቻላል። ብዙዎች ግን ሳይጠይቁ ይገባሉ። ስንተኛ ክፍል ነው? የትኛው ገጽ? ስንት ደቂቃ? የሚቀመጡት ተማሪዎች ናቸው ወይስ መምህራን? ይህን ጠይቁ። መምህራን ከሆኑ ተማሪ መስለው ሆን ብለው የማይረባ ጥያቄ ይጠይቃሉ። አላዋቂ ሆነው ወይም ንቀዋችሁ አይደለም፤ ልጅ ሲጠይቃችሁ እንዴት እንደምትመልሱ ሊያዩ ነው።

የምትወዱት ርዕስ ከመጣ ደግሞ ተጠንቀቁ። ለምሳሌ የባዮሎጂ ተመራቂ ሆናችሁ ርዕሱ እንቦጭ ነው እንበል። ከደቡብ አሜሪካ እንደመጣ፣ ጣናን እንዴት እንደወረረ፣ ዓሣውን ምን እንዳደረገው ሁሉንም ታውቃላችሁ። ደቂቃዋ ግን ለአንድ ሐሳብ ብቻ ነው የምትበቃው። ያለ ዘር፣ ከግንዱ ልጅ እያወጣ እንዴት እንደሚራባ ብቻ አስተምሩ። በየመካከሉ የምትጠይቋቸውን ሦስት ጥያቄዎች የትምህርት ዕቅዳችሁ ላይ ጻፉ። እዚያ ስትደርሱ ቁሙና መልስ ጠብቁ። እውቀት ሞልቶት ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያወራ አመልካች፣ ኮሚቴው "ተማሪውን አያይም" ብሎ ይጥለዋል። (እንቦጩን ራሱን ለማሳያ ካመጣችሁ፣ እባካችሁ መልሳችሁ ሐይቁ ውስጥ አትጣሉት።)

ትምህርት ቤቱን በጸጥታ ሰዓት ብቻ ማየት

በነሐሴ ግቢው ጭር ያለ ነው። መስከረም ላይ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ፣ ደወል፣ ከበር ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ አለ። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ካለ በእረፍት ሰዓት ሂዱና ስሙት።

"እንደውላለን" ሲባል ቁጭ ብሎ መጠበቅ

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በትህትና "አይሆንም" ማለት ነው። "እስከ መቼ ልጠብቅ?" ብላችሁ ቀን ጠይቁ። ቀኑ ሲያልፍ አንዴ ደውሉ፤ ስልክ ከከበዳችሁ መልእክት ላኩ። እስከዚያው ሌላ ቦታ አመልክቱ። ጥቅምት ላይ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያገኘ መምህር ጥሎ ይሄድና ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አልተቀበልንህም ካሏችሁም ፋይላችሁን እዚያው ተዉት፤ ስልክ ቁጥራችሁ ላዩ ላይ ጎልቶ ይጻፍ።