ምጣዱና ኦቨኑ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ለሚወርድባችሁ

አዳማ ያለውን ቤት ኪችን አሳድሰን፣ አዲስ ካቢኔት ካስገጠምን በኋላ ነው የጀመረው። ምጣዱና ኦቨኑ አብረው ሲበሩ፣ ሁለት ሦስት እንጀራ እንደወጣ ብሬከሩ ጧ! ሊጡ ምጣዱ ላይ ተዘርግቶ ዓይን እንኳ ሳያወጣ ቀረ።

ሶኬት ቀየርኩ፤ አልሆነም። 16 አምፔሩን ብሬከር በአዲስ 16 ቀየርኩ፤ ያው ነው። «32 አድርገው» ያለኝም ነበር። ደግነቱ አልሰማሁትም፤ በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ፣ ለ32 አምፔር ስለሚቀጥን፣ እሳት መጥራት ነው።

በአራተኛው ቀን ምጣዱን አዘንብዬ ከሥሩ የተለጠፈውን አነበብኩ፦ 3500 ዋት። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ። ከኦቨኑ ጋር የሚጋራውን ባለ16 አምፔር መስመር ብቻውን ሞልቶታል! የኦቨኑ 2000 ዋት ሲጨመር 25 ይደርሳል።

ኤሌክትሪሺያኑ ከማከፋፈያው ለምጣዱ ብቻ በ4 ካሬ ገመድ ሌላ መስመር ሳበ፤ 25 አምፔር ብሬከር ገጠመለት። አዲሱን ካቢኔት ከጀርባው መብሳት ግድ ሆነ፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ቅዳሜ ኦቨኑ እየሠራ 20 እንጀራ ወጣ።