ከቡና ገለፈት ኢንዛይም ስናወጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ዙሪያ እሸት ቡና መፈልፈል ሲጀመር ገለፈቱ ይከመራል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። በክምሩ ውስጥ ግን ፔክቲን፣ ማለትም የፍራፍሬን ሥጋ አያይዞ የሚይዘውን ንጥረ ነገር፣ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። የሚያመነጩት ፔክቲን የሚፈታ ኢንዛይም፣ ፔክቲኔዝ፣ በፍሬው ላይ የሚቀረውን ሙጫ ለመፍታትና የፍራፍሬ ጭማቂ ለማጥራት ያገለግላል።

መጀመሪያ፣ ናሙና ከክምሩ አናት ብቻ አትውሰዱ። ከታች ያለው አየር አያገኝም፤ ነዋሪዎቹም ሌሎች ናቸው። ባሲለስ የተባሉትን ባክቴሪያዎች የምትፈልጉ ከሆነ ናሙናውን በውኃ በጥብጣችሁ 80 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የእንቅልፍ ቅርጽ) ያላቸው ይተርፋሉ።

አዮዲን ፔክቲን ባለው አጋር (ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ሲፈስ በባክቴሪያው ዙሪያ የሚታየው ጥርት ያለ ክብ ብዙዎችን ያስቸኩላል። የክቡ ስፋት በአጋሩ ውፍረትም ስለሚለወጥ ለመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። አዮዲኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድል አስቀድማችሁ በሌላ ሳህን ቅጂ ያዙ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ልኬቱ ላይ ያለው ነው። ዲኤንኤስ (ስኳር ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ ኬሚካል) የሚለካው ስኳር ነው፤ ገለፈቱ ደግሞ የራሱ ስኳር አለው። ኢንዛይሙ በሙቀት የሞተበትን ናሙና ጎን ለጎን ለክታችሁ ካልቀነሳችሁ የቡናውን ስኳር እንደ ኢንዛይም ሥራ ትቆጥራላችሁ። የብዙ ሳምንት ልፋት በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ። ባክቴሪያው ቶሎ እንዲያድግ ብሎ ግሉኮስ መጨመርም አይበጅም፤ ቀላል ምግብ ያገኘ ባክቴሪያ በአብዛኛው ፔክቲኔዝ ማምረቱን ይቀንሳል።

የጅማን ከፍታም አትርሱ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዲኤንኤስ ቀለም የሚወጣው በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መመዘኛ መስመራችሁን (መጠኑ ከታወቀ ስኳር የሚሠራውን ግራፍ) ከሌላ ከተማ አትዋሱ፤ እዚሁ፣ በዚሁ በሚፈላ ውኃ ሥሩት። ኦቶክሌቩም (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ዕቃ) የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ስላሳየ ብቻ 121 ዲግሪ ደርሷል ማለት አይደለም፤ ቴርሞሜትሩን እዩ። ባክቴሪያውን በምታሳድጉበት ገለፈት ውስጥ የተረፈ ስፖር ካለ የምትለኩት የዚያን የባዕዱን ኢንዛይም ሊሆን ይችላል።

ኢንዛይሙን ለምግብ ካሰባችሁት ባክቴሪያውን በሚገባ ሳትለዩ አትቀጥሉ። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያም በዚያው በ80 ዲግሪው ማሞቂያ ያልፋል፤ ምግብም ይመርዛል።

ጥሩውን ባክቴሪያ ባገኛችሁበት ቀን 20 በመቶ ግሊሰሮል (ሴሎቹን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ) ጨምራችሁ አቀዝቅዙት። ከሳህን ሳህን ደጋግሞ ማዛወር አቅሙን ሊያዳክመው ይችላል፤ ያ ክምር ደግሞ ለማዳበሪያ ይወሰዳል፣ ተመልሳችሁ የምትቀዱበት የለም።