የጃፓን መጋዝ በእጅ በተሠራ ሞረድ እንዴት ይሳላል?

ከሁሉ በፊት ጥርሱን በደህና ብርሃን እዩት። ጫፉ ብቻ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ካለ በፋብሪካ ለብቻው እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ሞረድ አይነካውም፤ የሚያልቀው ሞረዱ ነው። እንዲህ ያለውን ምላጭ ሲደንዝ መቀየር ብቻ ነው።

ሱቅ የሚገኘው ተራ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ እዚህ አይሠራም። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው፤ የጃፓን መጋዝ ጥርሶች መሐል ደግሞ ከዚያ ይጠባል። የሚያስፈልገው ጠርዙ እንደ ቢላ የሳሳ ሞረድ ነው። አብዛኛው የጃፓን ሞረድ የሚሠራው በሂሮሺማ ግዛት፣ ኩሬ ከተማ ውስጥ ኒጋታ በሚባል ሰፈር ነው። በጥንቱ አሠራር እያንዳንዱ መስመር በመሮና በመዶሻ ይቆረጣል፤ ብረቱ እሳት ሲገባም ጥርሱ እንዳይቃጠል ሚሶ የተባለው የቦካ አኩሪ አተር ሊጥ ይቀባል። ዋጋው ይወደዳል፤ ለእኔ ግን ያዋጣል፣ ሲቆርጥ ይለሰልሳል።

መጋዙን በሁለት ጣውላ መሐል አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩት፤ ጥርሱ ብቻ ብቅ ይበል። ስትሞርዱ ከጮኸ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ጠፍጣፋ ሞረድ በጫፎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንዴ አሳልፉ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ የሚያበራ ነጥብ ይወጣል።

ዋናው ሥራ ያቺን ነጥብ ማጥፋት ነው። ለአግድም መቁረጫ የሆነው መጋዝ ጥርስ ሦስት ገጽ አለው፦ ሁለቱ ጎንና ጎን፣ አንዱ ከላይ። አዲስ ማዕዘን አትፍጠሩ፤ ሞረዱን በነበረው ገጽ ላይ አሳርፉና እሱን ተከተሉ። ሞረዱ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ስለሆነ ሲመለስ አንሱት። እየጎተታችሁ ካሻሻችሁት የሞረዱ ጥርስ ቶሎ ይደንዛል፤ ቀጭኑ ጠርዝም ይሸረፋል።

አንድ ጥርስ እየዘለላችሁ የአንድ ወገኑን ጎኖች ጨርሱ፣ መጋዙን ገልብጣችሁ የቀሩትን ድገሙ። ጎኖቹ ላይ ነጥቡ ፈጽሞ አይጥፋ፤ ትንሽ ይቅር። የላይኛውን ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለቴ ስትነኩት ያኔ ይጠፋል። ነጥቡ ከጠፋ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ መጨመር ጥርሱን ከጓደኞቹ ያሳጥረዋል። ያጠረ ጥርስ አይቆርጥም፤ ሥራውም በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል።

በቁራጭ እንጨት ሞክሩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በዚያው ጎን ጥርሶቹን በለስላሳ መሳያ ድንጋይ አንዴ በስሱ ዳበስ አድርጉና እንደገና ሞክሩ።