ጫፍ ለሌለው ጣት፦ የፕላስቲክ ቆብ አሠራርና የጊታር አቃኘት

የምሠራው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ ብየዳ ቤት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግራይንደር የግራ እጄን የቀለበት ጣት ጫፍ ወሰደው። ቁስሉ ሲድን ጊታሬን አንሥቼ ክሩን ብጫነው ሕመሙ እስከ ክርኔ ዘለቀ። ገዢ ማፈላለግ ጀመርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የሮክ ባንዱ የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች የቶኒ አዮሚ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አዮሚ በ1948 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ተወለደ። የሻዶውስ ባንዱን ጊታር ተጫዋች ሃንክ ማርቪንን እየሰማ ነው ጊታር የለመደው። በ17 ዓመቱ፣ የፋብሪካ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የመሃልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ነውና ክር የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አለቃው የጊታር ተጫዋቹን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ በ1928 እሳት ሁለት ጣቶቹን ከጥቅም ውጪ አድርጎበት፣ በቀሩት ጃዝ ያንቆረቆረውን ማለት ነው።

አዮሚ በተቆረጡት ጣቶቹ ላይ የሚያጠልቀውን ቆብ የሠራው ከፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ነው። እኔ የዘይት ጀሪካን ቁራጭ ተጠቀምኩ። ጭሱ ለቤት አይሆንምና ደጅ ሥሩት። ፕላስቲኩን በእሳት አለስልሳችሁ በመቆንጠጫ አድቦልቡሉት፤ ሲበርድ በጣታችሁ ልክ ቦርቡሩት፤ ውጭውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ባዶ ፕላስቲክ ክር ላይ ስለሚያንሸራትት ጫፉ ላይ ቆዳ በማስቲሽ ለጥፉ። የእኔው ከአሮጌ ጫማ ምላስ የተቆረጠ ነው። አዲስ ቆዳ ክሩን ቆንጥጦ አላስኬድ ይላል፤ ሳምንት ያህል የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየፈተጋችሁ አለዝቡት።

ዋናው ጣጣ ከዚህ በኋላ ነው፤ ቆብ አይሰማውም። ምን ያህል እንደተጫናችሁ ስለማታውቁ ከልክ በላይ ትጫናላችሁ፣ ድምፁም ከቃናው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሥራውን ለጆሮ ስጡት። ቆቡን አንድ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት ዘንጎች የተከፈለ ቦታ) ላይ አሳርፉና ክሩን እየመታችሁ ቀስ በቀስ ተጫኑ። መጀመሪያ ይታፈናል፣ ቀጥሎ ይነዝራል፣ ከዚያ ይጠራል። በጠራበት ቅጽበት ቁሙ። እኔ ይህን ብቻ ወር ሙሉ ሠርቻለሁ፤ መብራት የሚጠፋበት ምሽት ደግሞ ለዚህ ይበልጥ ይመቻል።

ክሩ ቀጭን ይሁን። አዮሚ በዘመኑ ቀጭን ክር ቢያጣ የባንጆ ክር አሰረ፤ እናንተ 8 ወይም 9 ቁጥር ብላችሁ ግዙ። ከዚያ ሁሉንም ክሮች ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ (ግማሽ ድምፅ የአንድ ፍሬት ርቀት ነው)። ብላክ ሳባዝ በ1971 በሦስተኛው አልበሙ ያደረገው ይህንኑ ነው። የላላ ክር ለጣት ይራራል፣ ድምፁም ይከብዳል።

ለልምምድ ከአንቺሆዬ ቅኝት የተሻለ አላገኘሁም። በ1970 የወጣው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ዜማ) የሚያርፈው ከመነሻው ስድስት ግማሽ ድምፅ በሚርቅ፣ አውሮፓውያን ከሰይጣን ጋር ባያያዙት ድምፅ ላይ ነው። ያው ርቀት አንቺሆዬ ውስጥ ስላለ እኛን አያስደነግጠንም። በወፍራሙ ክር ላይ 3ኛውን፣ 4ኛውን፣ 8ኛውን፣ 9ኛውንና 12ኛውን ፍሬት በዝግታ ምቱ፤ 3ኛውና 9ኛው ላይ ቆየት በሉ። የታችኛው ፎቅ እማማ «ልጄ፣ ወፍጮ ተከልክ እንዴ?» ካሉኝ ወዲህ ማጉያውን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ።

መለዋወጫ ቆብም ኪሳችሁ አይጥፋ። የእኔ አንድ ቀን ተስፈንጥሮ በበረንዳው ወደ ግቢ ወደቀ። አንድ ሕፃን አራት ፎቅ ወጥቶ አመጣልኝና «ጋሼ፣ ይኼ የምን ጠርሙስ ክዳን ነው?» አለኝ።