ዘይት ያለበት ክትባት በሳልሞን ሆድ ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት መቀነስና መመርመር

በኖርዌይ እርባታዎች የሳልሞን ጫጩት ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ሆዱ ውስጥ ይከተባል። መጠኑ እንደ ምርቱ 0.1 ወይም 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። ዘይቱ ክትባቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ መከላከያው ይቆያል፤ ብግነቱም አብሮ ይቆያል። የሆድ ዕቃው እርስ በርሱና ከሆድ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ይከማቻል፣ ዓሣው የሚበላው ምግብ ይቀንሳል፣ እድገትም ይጓተታል።

ዓሣው ትንሽ፣ ውሃውም ሞቃት ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ በክትባቱ መለያ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ክብደት በታች ያለውን ለይታችሁ አውጡ፤ አማካይ ክብደት ብቻ አይታመንም። ምግብ አስቀድማችሁ አቁሙ፤ አንጀቱ ከሞላ መርፌው ይወጋዋል። ካደነዘዛችሁ በኋላ ከሆድ ክንፎቹ ሥር የአንድ ክንፍ ርዝመት ያህል ወደ ፊት፣ በሆዱ መሃል መስመር ላይ ውጉ። ጫፉ የሆድን ግድግዳ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለፍ። ካጠረ ክትባቱ ሥጋው ውስጥ ቀርቶ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ ከረዘመ የውስጥ አካል ይጎዳል። የዶለዶመ መርፌ ወዲያው ይቀየር።

ከወራት በኋላ ለናሙና የተወሰዱ ዓሦችን ከፍታችሁ፣ የሆድ ዕቃ መጣበቅን ደረጃ በሚያሳየው በስፔይልበርግ መለኪያ ከ0 እስከ 6 ነጥብ ስጡ። 1 ማለት አብዛኛውን ጊዜ መርፌው በገባበት አካባቢ በጣም ትንሽ መጣበቅ አለ ማለት ነው። 3 ላይ ሲደርስ ዓሣ የሚያጸዳ ሰው ሊያስተውለው ይችላል። 6 ላይ የሆድ ዕቃው ሥጋውን ሳይቀድ አይወጣም።

ሠራተኛ ራሱን ከወጋ፣ ባያመውም የክትባቱን መግለጫ ይዞ በአስቸኳይ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ዘይቱ ጣት ሊያሳጣ ይችላል።